ሰባቱ ይመሮች

ጋሽ ቡርሽ መሞታቸውን የነገረኝ የሐራ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው። የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ መርሳ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ገብቶ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሲያወራልኝ ቆየና፣ «ያ ግድግዳ ጻፊያችሁ እኮ እኛ ዘንድ ሞተ፤ ትናንት ቀበርነው» አለኝ። ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው «አላህ ይማረው» አለ፣ ለወጉ ያህል። ሁለተኛዋ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ሦስተኛው ጭራሽ ያልሰማ ይመስል ስልኩን ይጎረጉራል። ከንፈሩን የመጠጠ አልነበረም። በእኛ አገር ለጠላት ሬሳ እንኳ ከንፈር ይመጠጣል።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልመጠጥኩም። መንጃ ፈቃዱን ማሽኑ ላይ ገልብጬ አስቀምጬ፣ ኮፒው ጠቁሮ ሲወጣ ይቅርታ ጠይቄ ደገምኩለት። ሰዎቹ ሲወጡ ግን በሩን ገርበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ አለቀስኩም። ለቅሶዬ ከሐዘን ይልቅ ከእፍረት የመጣ ነበር። የመርሳ ሰው በጋሽ ቡርሽ ላይ ፊቱን ያዞረው ነገሩን ስላላወቀ ነው። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስማቸውን ለማጥራት ነው፣ ለእሳቸው ባይደርስም።

ቡርሽ ቅጽል ስማቸው ነበር። የታፔላ ጸሐፊ ነበሩ፤ የሥራ ቤታቸው ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ አስፋልቱን ይዞ የተሰቀለ ታፔላ ሁሉ፣ የጁስ ቤቱም የጎሚስታውም የፀጉር ቤቱም የመድኃኒት ቤቱም፣ የእሳቸው እጅ ነው። ከእያንዳንዱ ፊደል በስተግራ በሰማያዊ ቀጭን ጥላ ያደርጉለታል። አውቶቡስ ውስጥ ያለ ተሳፋሪ ጥላውን ብቻ አይቶ መርሳ ገባን ይላል። ቡርሻቸውን ጆሮአቸው ላይ መሰካት ልማድ ስለነበረባቸው የቀኝ ጆሮአቸው ጫፍ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር፤ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ እንኳ በቲነር ፈትገው ፈትገው አይለቅላቸውም። ፊደል አራርቆ የሚጽፍ ሰው ሲያዩ ይናደዱ ነበር። «ፊደልም እንደ ሰው ነው፤ ካላስጠጉት ይበርደዋል» ይሉ ነበር።

እሳቸውን የመርሳ ሰው በፍቅር የያዛቸው ግን በታፔላው ሳይሆን በሥዕል ተረታቸው ነው። አዲስ አበቤዎች ኮሚክ የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ገጹ በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ፣ ሰዎቹ ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ ውስጥ እየተነጋገሩ የሚሄደውን። ጋሽ ቡርሽ ይህን በተማሪ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይሠሩታል፤ እኔ ኮፒ አድርጌ በስቴፕለር እመታዋለሁ፤ ተማሪውም የወፍጮ ቤት ተራ ጠባቂውም እየተቀባበለ ያነበዋል። በተረቱ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁሉም ይመር ይባላሉ።

ይህ እንዲሁ አልመጣም። የመጀመሪያው ተረት ላይ፣ አህያውን ከመጫን ይልቅ ጭነቱን ራሱ ተሸክሞ አህያውን ከኋላ የሚያስከትል አንድ ገበሬ ነበር። ስሙን ሐሰን አሉት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐሰን «እኔን ነው» ብሎ ተቀየመ፤ የጋሽ ቡርሽን እህል አልፈጭም አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጫት ተቆረጠ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ስሙ ይቀየር ተብሎ ታረቁ። ጋሽ ቡርሽ ገበሬውን አበበ አሉት። በሳምንቱ ሥጋ ቤቱ አበበ መጣ። አሁንም ሽማግሌ። በሦስተኛው ጊዜ ማንም አይጠራበትም ያሉትን ያረጀ ስም ፈልገው ሰጡት፤ ከግራና ገበያ አንድ ሰው ዱላውን ይዞ መጥቶ «የአያቴን አጥንት ለምን ታነሣለህ?» አላቸው። ለወልድያ ሰው ይህ ሁሉ ያስቃል፤ መርሳ ግን ትንሽ ናት፣ ባለቤት የሌለው ስም የለም። ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉም ይመር የሆኑት።

ታዲያ ሰውየው ከሰውየው በስም አይለይም። የሚለየው በያዘው ነው። ባለጃንጥላው ይመር አለ፣ ፀሐይም ዝናብም ሲሆን ጃንጥላውን የማይዘረጋ። ባለቦቲው ይመር አለ፣ ባለጥምጣሙ ይመር አለ፣ እንቅልፋሙ አለ፣ ወሬኛው አለ። ሁለቱ መንታዎች ናቸው፤ እናታቸው ስትጠራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፣ ሥራ ስታዝ ሁለቱም ይጠፋሉ። አንድ ቀን፣ ሴቶቹስ ለምን ስም የላቸውም ብዬ ተቆጣኋቸው። «አንቺ ስምሽን ትሰጫለሽ?» አሉኝ። አልሰጥም አልኩ። «ይኸው» ብለው ወደ ሣጥናቸው አጎነበሱ።

ይመር የሚባል ሰው ግን ለምን አልተቀየመም? በእኛ አገር ይመር ሞልቷል፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ስም ነው፤ የገዛ ወንድሜም ይመር ነው። ስም ለአንድ ገጸ ባሕርይ ሲሰጥ ያስቀይማል፣ ለሁሉም ሲሰጥ ግን የማንም አይደለም፤ ይመሮቹ ራሳቸው እየተሳሳቁ እኔ ባለጃንጥላው ነኝ፣ አንተ እንቅልፋሙ ነህ ይባባሉ ነበር። ሌላውን ምክንያት ያወቅሁት የቀበሌ መታወቂያቸውን ኮፒ ሳደርግላቸው ነው። ስም በሚለው መስመር ላይ «ይመር» ይላል። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሰው በራሱ ስም ቢቀልድ ማን ሽማግሌ ይልክበታል?» አሉኝ። ቀጥለውም ለማንም እንዳልናገር አደራ አሉ። ሰው ካወቀ በተረቱ ውስጥ እኔን ሲፈልግ ይውላል፣ ተረቱን ማንበብ ይተዋል ብለው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቡርሽ ስለተጠሩ ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። አደራቸውን ጠበቅሁ፤ እንዲያውም አንድ ነገር ለብቻዬ በማወቄ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታጣቂዎቹ በክረምቱ መሃል ከወልድያ በኩል ገቡ፤ መርሳም ተያዘች። መንገዱ በወዲያም በወዲህም ተዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ የሐሰን ወፍጮ ነዳጅ አጥቶ ዝም አለ። ያልተፈጨ እህል ንፍሮ እየቀቀልን በላን። የመርሳ ብርቱካን አውቶቡስ ሲቆም በየመስኮቱ የሚሸጥ ነው፤ አውቶቡስ ስለሌለ በየጓሮው ወደቀና ከተማው ሁሉ የበሰበሰ ብርቱካን ሸተተ። ማሽኔን በአንሶላ ሸፍኜ ሱቁን ዘጋሁ። ወንድሜ ይመር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ በር ላይ መቆምም አደጋ ስለነበረው ከጓዳ አይወጣም። እናታችን ወልድያ ነች፤ በቁሟ ትኑር ትሙት የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ከቤት እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ ቤት፣ ይኸው ነበር ኑሯችን። ጦርነቱን እንደ ተኩስ የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ለእኔ ጦርነቱ ግድግዳ ማየት ነበር።

ጋሽ ቡርሽ በዚያ ጊዜ አዲስ ደብተር ጀመሩ። ሰባቱ ይመሮች ከመርሳ ሊወጡ ይሞክራሉ። ባለጃንጥላው በውርጌሳ በኩል ይሄዳል፤ ባለጥምጣሙ በግራና ያቋርጣል፤ መንታዎቹ በሐራ በኩል የባቡር ሐዲዱን ተከትለው ይጠፋሉ፤ ወሬኛው ማንም ሳይደርስ «ሁሉም ደረሱ» ብሎ ያወራል፤ እንቅልፋሙ ነገ እሄዳለሁ ብሎ ይተኛል። የሄደው ሁሉ በመጨረሻው ሣጥን ላይ ተመልሶ የራሱን በር ሲያንኳኳ ይገኛል። በእንባችን መሃል አሳቁን። ደብተሩ አንድ ብቻ ስለነበረ ከቤት ወደ ቤት ከእህል ሥር ተቀብሮ በሰፌድ ይዞር ነበር። ሕግ ነበረው፤ ከአንድ ቤት አያድርም። አንብበህ ለጎረቤት ነው።

አንድ ጉድለት ነበረባቸው፣ ያላዩትን መሣል አይችሉም፤ ያዩትን ደግሞ ማስቀረት አይችሉም። ግራና መታጠፊያ ላይ ባሕር ዛፍ ካለ ያችው ባሕር ዛፍ ትሣላለች፣ ስንጥቋ ሳይቀር። ኬላ ካለም ኬላው ከነድንጋዩ፣ ከነቆመው ሰው። ይህችን ኬላ ባይሥሏት ምን አለ ብያቸው ነበር። «ያለችን ኬላ የለችም ልበል?» አሉኝ። እኔም ክርክሩን ተውኩት።

ደብተሩ እኛ ቤት የገባ ዕለት ወንድሜ አሳደረው። ባለቦቲው ይመር ወልድያ አፋፍ ላይ ደርሶ፣ የአንዲትን አሮጊት ቤት ጣራ ከሩቅ አይቶ የሚመለስበት ገጽ ነበረ። ጣራው የእናታችን ነበር፤ አንድ ቆርቆሮው ተነሥቶ በድንጋይ የተጫነው ሳይቀር። ጋሽ ቡርሽ ከጦርነቱ በፊት እናታችን ሰፈር ታፔላ ሊሰቅሉ ሄደው አይተውት ነበር፤ ለእኛ ብለው ነው የሣሉት። ወንድሜ «ዛሬ ብቻ ይደር» አለኝ። እሺ አልኩ። እኔም ማየት እፈልግ ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ታጣቂዎቹ ለፍተሻ መጡ። ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አገኙት። አንደኛው እየገለጠ አየ፤ መንገዱ አለ፣ ኬላው አለ፣ የቆሙት ሰዎች ቁጥር አለ፣ በየመንገዱ የሚሄድ ይመር የሚባል ሰው አለ። ስምህ ማነው አለው ወንድሜን። ይመር አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረዳት አልተቻለም። እነሱ እንደገባቸው ይመር ማለት የሰላዮች መጠሪያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ይመር አንድ መንገድ ተመድቦለታል። እስከ ቀትር ሰፈሩን አሰሱና ሁለት ይመር ጨመሩ። አንዱ ጎሚስታው ይመር ነው። ሌላው ለገበያ መጥተው መንገድ ሲዘጋ ዘመድ ቤት የቀሩ፣ ጆሮአቸው የማይሰማ አዛውንት ገበሬ፣ አባ ይመር ናቸው። ሦስቱንም አስፋልቱ ዳር ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው። በዚያ ሳምንት እዚያ ከገቡት ሁለት ሰዎች አልወጡም ነበርና ቀኑ እየመሸ በሄደ ቁጥር ወንድሜ ከእጄ እየወጣ መሆኑ ገባኝ።

በማግሥቱ ቀትር ሲቃረብ ጋሽ ቡርሽ ቤት ገባሁ። ምን ልል እንደሄድኩ አውቅ ነበር፤ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ከቀለም ቆርቆሮዎቹ መሃል ቁጭ ብለው በእስክሪብቶ ይሥላሉ። ወሬው አልደረሳቸውም፤ ከቤት ከወጡ ሦስት ቀናቸው ነበር። ደብተሩ ተገኘ፣ ይመርን ወሰዱት አልኳቸው። ሌላስ ማን ተያዘ አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሁሉም ይመር?»

«ሁሉም።»

ሣቁ። ያ ሣቅ ከጆሮዬ አልጠፋም። «ያ ረቢ! እኔ እኮ ሰው እንዳይጎዳብኝ ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጠው እጃቸውን አዩ። ቀስ ብለው፣ «ስሜን ካንቺ ሌላ የሚያውቅ አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ።»

«ትነግሪያቸዋለሽ?»

አልነግርም ማለት ነበረብኝ። እነግራለሁ ማለትም ይቻል ነበር፣ እሱ እንኳ ድፍረት ነው። «ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ነው» አልኩ፣ ሌላ ምንም አላልኩም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ። አብሽሪ፣ የሺ። ብቻ ቀድመሽኝ እንዳትሄጂ። ዙህርን ልስገድና እኔው እሄዳለሁ።»

ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው፣ ዉዱእ አደረጉ። ሲሰግዱ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እንዳይጠፉብኝ እየጠበቅኋቸው እንደነበር ያኔም ታውቆኛል። መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ እስክሪብቶ ያዙ፣ ነጠላ ጫማቸውን በሸራ ጫማ ቀየሩና ወጡ። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው፤ አስፋልቱን ተሻግረው፣ በር ላይ ለቆመው ታጣቂ ሰላምታ ሰጥተው፣ ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱም ይመሮች ተለቀቁ። አባ ይመር ያስፈታቸው ዱዓቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ ይናገራሉ፤ ማን ገባ ማን ወጣ አልሰሙም። ጎሚስታው በወጣ በነጋታው በእግሩ ወደ አፋር ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ወንድሜ ቤት ገብቶ ንፍሮውን በላ፣ ተኛ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ ቡርሽ ታዩ። መሰላል ላይ ናቸው፤ ከበታቻቸው ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። የመጋዘኑን ግድግዳ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን፣ አንድ በአንድ የታጣቂዎቹን መፈክር ጻፉበት። ፊደሉ የተጠጋጋ ነው፣ በስተግራው ሰማያዊ ጥላ አለው። የመርሳ ሰው በየበሩ ስንጥቅ አየና የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። የወንድሜ መፈታትና ይህ ግድግዳ አንድ ነገር መሆናቸውን እኔ ወዲያው ገመትኩ። ሌላው ሰው ግን የሚያገናኝበት ነገር አልነበረውም። ያየው አንድ ነገር ነው፤ ሲያስቀው የኖረው ሰው ለያዙት ሰዎች እየጻፈ ነው።

አዝመራ ሲሰበሰብ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ መንገዱ ተከፈተ። እናታችንን በሕይወት አገኘናት። መርሳ ያን ሰሞን ግድግዳዋን በኖራ ስትለቀልቅ ሰነበተች፤ ሰማያዊው ጥላ ግን ኖራው ሲደርቅ እየተመለሰ ወጣ። የሰፈር ወጣቶች ጋሽ ቡርሽን ይዘው ለአራት ቀን ጠየቋቸው። ሌላ ነገር አላገኙባቸውምና ለቀቋቸው። ከዚያ በኋላ «ጋሽ» የሚላቸው ጠፋ። ቡርሹ ሆኑ፣ ከዚያ ያ ቡርሽ፣ ከዚያ ግድግዳ ጻፊው። ሐሰን የወፍጮ ቤቱን ታፔላ አውርዶ ከወልድያ ሌላ አስመጣ። የዱሮ ደብተሮቻቸውን ያቃጠሉም ነበሩ።

አንድ ቀን ሥራ ቤታቸው ገባሁና ልናገር ነው አልኳቸው። ሥራ አልነበራቸውም፤ ባዶ ቆርቆሮ እያጠቡ ነበር። ያሉኝ ይህ ነው፤ «ምን ብለሽ? ይመሮቹን ያሳሰረው የኔ ደብተር ነው። ያሳሰረ ሰው አስፈታሁ ብሎ ይኮራል? አንቺስ፣ ወደ መጋዘኑ የላክኋቸው እኔ ነኝ ልትዪ ነው? ወንድምሽ ምን ይሰማዋል? ተይው፣ ዝም በይ።»

ዝም በይ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሸክም ያራገፈልኝ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ራሴን የምጠላው በዚያች ደስታ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው፤ ተረቱን ያወጣው ሰው የእኔን ዓይነት ዝምታ አያውቅም። ከጥቂት ወር በኋላ ጋሽ ቡርሽ ቆርቆሮዎቻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ሐራ ወዳለችው እህታቸው ሄዱ። ጆንያውን የተሸከመላቸው አልነበረም። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ በመስታወቱ አየኋቸው፤ ወረፋ ነበረብኝ፣ ወይም ነበረብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እንግዲህ ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሾፌሩ መርዶውን በነገረኝ ማግሥት ወንድሜ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቆ መጣና ለቅሶ እንድረስ አለኝ። በሚኒባሱ በወልድያ ዞረን ወደ ሐራ ሄድን። ከወልድያ እንደወጣን ልነግረው ወሰንኩ። ጋሽ ቡርሽ ወደ መጋዘኑ የገቡት በእኔ ምክንያት እንደሆነ፣ በራቸው ላይ ቆሜ እንደጠበቅኋቸው፣ ሁሉንም ነገርኩት። ወደ መስኮቱ እያየ አዳመጠኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ጋሽ ቡርሽ ወደ መጋዘኑ ሲገቡ እሱም እዚያው እንደነበር ነገረኝ። የታጣቂዎቹ መኮንን አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ወጣት ነው፤ መታወቂያቸውን አሳይተው ይመር እኔ ነኝ፣ ደብተሩም የኔ ነው ቢሉት መጀመሪያ አላመናቸውም። ወረቀት ሰጣቸው፤ ሰባቱንም ይመሮች ቆመው ሣሉለት። ስማቸው ለምን አንድ ሆነ ሲላቸው የሐሰንን፣ የሥጋ ቤቱን አበበ፣ የግራናውን ሰውዬ ታሪክ ነገሩት፤ መኮንኑ ሣቀ። ማን ላከህ አላቸው። ማንም አሉ። እጅህ ጥሩ ነው፣ ለእኛ ትጽፋለህ አላቸው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ እጽፋለሁ፣ ካልገቡ እጄን ቁረጡት አሉት። መኮንኑ ለሁለት ቀን አሰበበትና እሺ አለ። ሊለቀቁ ሲሉ ጋሽ ቡርሽ ወንድሜን ጠጋ ብለው፣ «እህትህን ምንም እንዳትጠይቃት፤ በራሴ ነው የመጣሁት» አሉት። ያን ጊዜ ነው በራሳቸው እንዳልመጡ የገባው።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ብናገር መጨረሻው አንቺ ዘንድ ነው የሚደርሰው። ሰው ዓይንሽን አላይም እንዳይልሽ ፈራሁ።»

እኔ እሱ እንዳያፍርብኝ ዝም አልኩ፤ እሱ እኔ እንዳላፍር ዝም አለ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ሦስት ዓመት። እሳቸው በመሃላችን ብቻቸውን ተሰደቡ።

የለቅሶው ቤት ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም። ድንኳኑ ሥር የሐራ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከመርሳ የመጣ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። እህታቸው እትዬ ዘሀራ ጥግ ላይ ናቸው፣ ከወንድማቸው የሚያንሱ አይመስሉም። ከየት መጣችሁ አሉን። ከመርሳ አልን። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አዩን፤ ልንሳደብ የመጣን መስሏቸው ይሆናል። ወንድሜ ተነሣና «ይመር እባላለሁ፤ ወንድምዎ በእኔ ፈንታ ታስረዋል» አለ። ቀሪውን እኔ ተናገርኩ። ደብተሩን፣ መጋዘኑን፣ ግድግዳውን፣ በራቸው ላይ መቆሜንም። ድምፄ ከፊት ከተቀመጡት አላለፈም።

ስጨርስ እትዬ ዘሀራ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«በመጣ በሳምንቱ በሩን ልቀባልሽ አለኝ» አሉ። «በዚያ እጅህ የኔን በር አትነካም አልኩት። እሺ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቡርሽ ሲይዝ አላየሁትም። አበላሁት፣ አጠጣሁት፤ ፊቴን ግን አንድ ቀን አልፈታሁለትም። ጉድ ነው፣ ወላሂ። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ነበር አላለኝም።»

ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ይቅር በሉን ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡና ከለከሉኝ። ወደ ድንኳኑ ዳር፣ በስተኋላ ወደተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩ።

«እነዚያ አልሰሙም» አሉኝ። «ተነሥተሽ ቁሚና ከመጀመሪያው ድገሚው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»